ሁለቱ እህቶች ገብተዋል፣ ሦስተኛዋ በር ላይ ቆማለች

ግልጽ ደብዳቤ ለፍሬሽማን ኮርስ ቀራጮች፣ ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎችና ለመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዎች

ክቡራንና ክቡራት፣

እኔ ምሁር አይደለሁም። በአንድ ዩኒቨርሲቲ በር አጠገብ ትንሽ የኅትመትና የጥረዛ ቤት አለችኝ። ሁለት ኮምፒዩተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ የወረቀት መቁረጫ፣ በቃ። ግንቦትና ሰኔ ሲመጣ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ከነርሲንግ፣ ከሲቪል ኢንጂነሪንግ፣ ከኢኮኖሚክስ፣ ከሕግ፣ ከአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የሚመጣው መመረቂያ ሁሉ በእጄ ያልፋል። ገጹን ሳስተካክል አነበዋለሁ። አንብብ ያለኝ የለም። ግን ዓይን አይታሰርም።

ባለፈው ሰኔ አንዲት የነርሲንግ ማስተርስ ተማሪ ከዲፌንስ ወጥታ ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። አምስት ኮፒ በሀርድ ከቨር ልታስጠርዝ ነበር ቀጠሮዋ። ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ዝም አለች።

"እርማት በዛብሽ እንዴ?" አልኳት።

"እርማቱስ ባልከፋ። አንዱ መምህር ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ 'እና ምን ይጠበስ?' አለኝ።"

ሃያ ምናምን ስላይድ አሳይታለች። ሠንጠረዡ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ልክ ነው። ሥራዋ እናቶች የልጆቻቸውን ክትባት ለምን እንደሚያቋርጡ ነው። ከዚህ በላይ ምን የሚጠቅም ነገር አለ? ግን ጥቅሙን በሁለት ዐረፍተ ነገር ተናገሪ ስትባል ምላሷ ተሳሰረ። "የማውቀው ነገር እኮ ነው ጋሼ" አለችኝ። "እንዴት እንደሚባል ግን ያስተማረኝ የለም።"

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይህ የመጨረሻው ቃሏ ነው።

ያላስተማሯት ነገር ስም አለው። ፈረንጆች ሬቶሪክ ይሉታል፤ እኛ የንግግር ጥበብ እንላለን። በጋዜጣ ቋንቋ ግን ስሙ ጠፍቷል። "ይሄ ሬቶሪክ ነው" ከተባለ ባዶ ወሬ ነው ማለት ሆኗል። አማርኛም በዚህ ጉዳይ ልቡ ለሁለት የተከፈለ ነው። አንዴ አፈ ጮሌ፣ ምላሰኛ፣ አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ ብሎ ይሳደባል። ዞር ብሎ ደግሞ "ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ" ይላል። "ነገር" የሚለውን ቃል እስቲ እዩት። ንግግርም ነገር ነው፣ ጉዳይም ነገር ነው፣ ክስም ነገር ነው። ለሰው የሚሟገተው ነገረ ፈጅ ነበር። የዕውቀት ዘርፍ ስንሰይም እንኳ ነገረ መለኮት እንላለን። ዕውቀትና ንግግር በአንድ ቃል በሚጠሩበት ቋንቋ እያሰብን ሁለቱን ነጣጥለን ማስተማራችን ይገርመኛል።

የጥበቡ ታሪክ የሚጀምረው እንደኛው በመሬት ክርክር ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከክርስቶስ ልደት በፊት 466 ገደማ፣ በሲሲሊ ደሴት ያለችው የሲራኩስ ከተማ አምባገነኗን አባረረች። እነዚያ ገዢዎች የሰው መሬት እየነጠቁ ለቅጥር ወታደሮቻቸው አድለው ነበር። ባለመሬቶቹ "ይመለስልን" ብለው ወደ ችሎት ጎረፉ። ጠበቃ የሚባል ሙያ ገና አልተፈጠረም። ሰው ራሱ ቆሞ ነው የሚሟገተው። ያኔ ነው ኮራክስ የሚባል ሰውና ቲሲያስ የተባለ ተማሪው ንግግር ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ማስተማር ጀመሩ የሚባለው።

ስለ ሁለቱ የሚወራ ቀልድ አለ። ቲሲያስ ትምህርቱን ጨረሰና ክፍያውን ከለከለ። መምህሩ ከሰሰው። ቲሲያስ ዳኛው ፊት ቆሞ "ካሸነፍኩ በፍርዱ መሠረት አልከፍልም። ከተሸነፍኩ ደግሞ መከራከር አላስተማረኝም ማለት ነውና አልከፍልም" አለ። ኮራክስም ያንኑ ገልብጦ መለሰለት። ኮራክስ በግሪክኛ ቁራ ማለት ነው። ችሎቱ "ከክፉ ቁራ ክፉ እንቁላል" ብሎ ሁለቱንም አባረራቸው ይባላል። የጎጃም የርስት ተሟጋች ይህን ቢሰማ ዘመዶቹን ያገኘ ነው የሚመስለው።

ከልደት በፊት በ427 ጎርጊያስ የሚባል ሌላ የሲሲሊ ሰው ለአገሩ መልእክተኛ ሆኖ አቴንስ ገባ፤ በንግግሩ ከተማውን አስደመመ። ፈላስፋው ፕላቶ በኋላ በጻፈው ምልልስ ውስጥ ይህ ሰው አንድ ጉራ ይነዛል። ወንድሙ ሐኪም ነው። በሽተኛው መድኃኒት አልጠጣም፣ ሰውነቴን አላስነካም ሲል ሐኪሙ ያቅተዋል፤ ጎርጊያስ ግን በንግግር ብቻ ያሳምነዋል። ፕላቶ በሶቅራጥስ አፍ መልሶ ይወጋዋል። የንግግር ጥበብ ከሕክምና አጠገብ እንደ ወጥ ቤት ነው ይላል፤ ያጣፍጣል እንጂ አያድንም። ሐኪምና ወጥ ሠሪ ልጆች ፊት ቢወዳደሩ ሐኪሙ በረሃብ ይሞታል ይላል።

ፕላቶ ልክ ነው። ጎርጊያስም ግን ልክ ነው። ክትባት አላስከትብም የምትል እናት ፊት የቆመችን ነርስ አስቧት። ዕውቀቱ አላት። መርፌው በእጇ ነው። የቀራት ንግግሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራማችን ይህን በሚገባ አውቆታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር ዋና መሣሪያዋ አንደበቷ ነው። ሽንት ቤት ቆፍሩ፣ ልጁን አስከትቡ፣ ጤና ጣቢያ ውለዱ። ከዚያ "ሞዴል ቤተሰብ" የሚባለው መጣ። ምክሩን ቀድሞ የተገበረ ጎረቤት ለሌላው ማሳያ ይሆናል። በምሳሌ ማሳመን አርስቶትል ከዘረዘራቸው ዘዴዎች አንዱ ነው። የቀበሌዋ ልጅ አርስቶትልን ባታነበውም ሥራውን ትሠራለች።

አርስቶትል ከመምህሩ ከፕላቶ ጋር ሃያ ዓመት ተቀምጦ፣ በዚህ ጉዳይ ግን መሃል መንገድ ያዘ። የንግግር ጥበብን በሦስት መጻሕፍት ተነተነው። ገና ከመነሻው አንድ ወሳኝ ነገር ይላል። ይህ ጥበብ የአንድ ሙያ ብቻ አይደለም። ሐኪሙ ስለ ጤና፣ የሒሳብ ሰው ስለ ቁጥር ያሳምናል። የንግግር ጥበብ ግን በየትኛውም ጉዳይ ላይ ለማሳመን ምን ዘዴ እንዳለ የማየት ችሎታ ነው። ሰው የሚያምነው በተናጋሪው ማንነት፣ በራሱ በሰሚው ስሜት፣ በነገሩ ማስረጃ ነው አለ። ስሜትን አልናቀውም። ከሁለተኛው መጽሐፍ ሰፊ ድርሻ ለቁጣ፣ ለፍርሃት፣ ለኀፍረት፣ ለርኅራኄ ሰጥቷል። ማን በማን ላይ ይቆጣል? መቼ? በምን ምክንያት? እንዲህ እያለ ሲሄድ የሥነ ልቦና መጽሐፍ ነው የሚመስለው።

ከአቴንስ ወደ ሮም ተሻገረ። ሲሴሮ የሚባል ጠበቃና ፖለቲከኛ በንግግሩ ከፍ አለ፣ በንግግሩም ተገደለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ43 ከገደሉት በኋላ ራሱንና እጁን ቆርጠው ይናገርበት በነበረው አደባባይ ሰቀሉት። ይህን ጥበብ "ባዶ ወሬ" ለሚሉት ያቺን ቀን አስታውሳቸዋለሁ። በባዶ ወሬ ማን ሰው እጅ ይቆርጣል?

እዚህ ላይ ወደ እኛ ሰፈር የሚያሻግር አንድ ሰው አለ። አፈወርቅ የሚባል ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው አበሻ ያለ አይመስለኝም። ስሙ የመጣው ከዮሐንስ አፈወርቅ ነው፤ ግሪኮቹ "የወርቅ አፍ" ብለው ያወጡለት ቅጽል ነው። ዮሐንስ አንጾኪያ ውስጥ የተማረው ሊባንዮስ ከሚባል የንግግር መምህር ነው። ሊባንዮስ በአሮጌዎቹ አማልክት የሚያምን ሰው ነበር። ሲሞት ማን ይተካህ ቢሉት "ክርስቲያኖች ባይሰርቁኝ ዮሐንስ ነበር" አለ ይባላል። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ387 የአንጾኪያ ሰው በግብር ተማርሮ የንጉሠ ነገሥቱን ሐውልቶች ገነደሰ። ከተማው ይደመሰሳል ተብሎ ሕዝቡ ተንቀጠቀጠ። ዮሐንስ ያን ዐቢይ ጾም እየቆመ ሰበከ፤ የፈራውን ያጽናናል፣ የጠገበውን ይገሥጻል። በመጨረሻ ንጉሡ ምሕረት አደረገ። ቤተ ክርስቲያናችን ከ14ቱ ቅዳሴዎች አንዱን በዚህ ሰው ስም ትጠራለች። እንግዲህ ሬቶሪክ እኛ ዘንድ የትናንት እንግዳ አይደለም። ስም ሆኖ ልጅ ይጠራበታል።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ተማሪ መጀመሪያ የሚማረው ሦስት ነገር ነበር፦ ሰዋስው፣ ሎጂክ፣ ሬቶሪክ። ሦስት መንገድ የሚገናኝበት ብለው ነው የጠሩት። እኔ ሦስት እህቶች እላቸዋለሁ። የኛን የፍሬሽማን ኮርስ ዝርዝር ዘርጉት። ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ አለ፤ እሱን ከሰዋስው ወገን ቁጠሩት። ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ አለ። ሁለቱ እህቶች ገብተዋል። ሦስተኛዋ በስሟ የለችም።

ይባስ ብሎ ሎጂኩ እሷን የሚያሳጣበት ምዕራፍ አለው። የክርክር ስሕተቶች የሚለው ክፍል ላይ ተማሪው ርኅራኄን ቀስቅሶ መከራከር ስሕተት እንደሆነ ይማራል። ማስረጃ በሌለበት ዕንባ ብቻ ከሆነ በርግጥ ስሕተት ነው። ተማሪው ይዞ የሚወጣው ግን "ስሜት መጥፎ ነው" የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ ዲፌንስ ላይ ቆሞ ስለ ሕፃናት ሞት እንደ ሲሚንቶ ዋጋ ያነባል።

እህቲቱ እንዴት ተባረረች? ይህን ጠይቄ ነበር፤ መልሱ ከጠበቅሁት በላይ ገረመኝ። በሮማውያን ዘንድ የንግግር ጥበብ አምስት ክፍል ነበረው፦ ሐሳቡን ማግኘት፣ ማዋቀር፣ በቃል ማስዋብ፣ መሸምደድ፣ ማቅረብ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ፔትሩስ ራሙስ የሚባል መምህር ተነሣና ንብረቱን ከፋፈለው። ሐሳብ ማግኘትና ማዋቀር የሎጂክ ይሁን አለ። ለሬቶሪክ የቀረላት ማስዋቡና ማቅረቡ ነው። ማለትም ጌጥና ድምፅ። ከዚያ ወዲያ ሰው "ጌጥ ብቻ ነው" ብሎ ቢንቃት ምን ይደንቃል? ቤቷን ወስደው መጋረጃውን ነው የተዉላት።

ቀጥሎ ሳይንቲስቶቹ መጡ። በ1660 ለንደን የተመሠረተው ሮያል ሶሳይቲ "በማንም ቃል አትመኑ" የሚል መፈክር ያዘ። ቶማስ ስፕራት በ1667 ባሳተመው የማኅበሩ ታሪክ ላይ ጌጠኛ ንግግርን አጥብቆ ኮነነ፤ ብዙ ነገርን በዚያው ልክ በሆነ ቃል የመግለጽን ግልጽነት አወደሰ። ሰውየው ራሱ አንደበቱ የሰላ ቄስ ነበር፤ በኋላ ጳጳስ ሆኗል። ንግግርን ያወገዘው በምን መሰላችሁ? በንግግር!

ግልጽ መሆን ራሱ ዘዴ ነው። ዋትሰንና ክሪክ የሚባሉ ሳይንቲስቶች በሚያዝያ 1953 የዲኤንኤን ቅርጽ ያሳወቁበትን ጽሑፍ ውሰዱ። ጠቅላላው ከአንድ ገጽ ብዙም አያልፍም። መጨረሻው አካባቢ፣ ይህ ጥምረት ዘር እንዴት እንደሚቀዳ የሚጠቁም መሆኑ "ከዓይናችን አልተሰወረም" የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። የሕይወትን ምስጢር አገኘን እያሉ ነው እኮ! ግን እንደ ጨዋ ሙሽራ አንገታቸውን ደፍተው። አሳንሶ በመናገር ማግዘፍ ከጥንት የታወቀ የንግግር ስልት ነው።

በኔ ሱቅ የማየውም ይኸው ነው። የኮንክሪቱና የነርሲንጉ መመረቂያ መግቢያቸው አንድ ነው። መጀመሪያ "ይህ ጉዳይ በዓለም ትልቅ ነው"። ከዚያ "ብዙዎች አጥንተዋል፣ ነገር ግን"። ከዚያ ጋፕ። ከዚያ "ይህን ክፍተት ለመሙላት"። ተማሪዎቹ ተኮራርጀው ይመስለኝ ነበር። ለካ ጆን ስዌልስ የሚባል እንግሊዛዊ የቋንቋ ምሁር በ1981 ከተለያዩ ሙያዎች የ48 ጽሑፎችን መግቢያ አንብቦ ይህንኑ አካሄድ አግኝቶታል። በኋላ በ1990 አሻሽሎ እንደ መሬት አስመሰለው፤ አገሩን አሳይ፣ ባዶ ቦታ ጠቁም፣ ግባበት። የመሬት ክርክር ነው ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ሲራኩስ ላይ ተጀምሮ ፍላሽ ላይ ደረሰ።

ኢኮኖሚክስማ ከአባቱ ጀምሮ እዚህ ቤት ነው ያደገው። አዳም ስሚዝ ስለ ሀብት ከመጻፉ በፊት ከ1748 ጀምሮ ኤድንብራ ላይ የሚያስተምረው የንግግር ጥበብን ነበር፤ ግላስጎውም ሄዶ ቀጠለ። ሊሞት ሲል ወረቀቶቹን አስቃጠለ። ትምህርቱን የምናውቀው ተማሪዎች የያዙት ማስታወሻ በ1958 ስኮትላንድ ውስጥ ለሽያጭ ከቀረቡ አሮጌ መጻሕፍት መሃል ስለተገኘ ነው። በ1983 ደግሞ ማክሎስኪ የምትባል ኢኮኖሚስት ባልደረቦቿን አስቆጣች። እናንተም በዘይቤና በምሳሌ ነው የምታሳምኑት፣ ቁጥራችሁም ይናገራል፣ አትካዱ አለች። ከነገረቻቸው አንዱ "ሲግኒፊካንት" የሚለው ቃል ነው። በስታትስቲክስ ሲግኒፊካንት የሆነ፣ ማለትም በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም የተባለ ነገር በኑሮ ኢምንት ሊሆን ይችላል። እኔ ቤት የሚመጣ ተማሪ የዚህ መለኪያ የሆነው ፒ ቫልዩ ከ0.05 ካነሰ ፊቱ ይበራል። ቁጥሩ ምን ያህል ትልቅ ለውጥ እንደሆነ ስጠይቀው ግራ ይገባዋል። ቃሉ ነው ያሳመነው፤ መጀመሪያ ያሳመነው ደግሞ ራሱን።

የሕግ ሰዎችን ብዙ መስበክ አያስፈልግም። ግን ቻይም ፔሬልማን የሚባል ፈላስፋ ብራስልስ ላይ ስለ ፍትሕ በንጹሕ ሎጂክ ሊጽፍ ሞክሮ በ1945 ግድግዳ ገጭቷል። የትኛው ፍትሕ ይበልጣል ለሚለው ቀመር የለውም። ከሉሲ ኦልብረክትስ ቲቴካ ጋር ዓመታት ሠርተው በ1958 ወደ አርስቶትል ተመለሱ።

የኛ ሰው ግን ከነሱ በፊት እዚያው ነበር። ዘመናዊው ችሎት ሳይመጣ ተሟጋች ዛፍ ሥር ቆሞ፣ ሸማውን አስተካክሎ፣ ዘንጉን ይዞ "በላ ልበልሃ!" ይል ነበር። በግጥም ይከፍታል፣ በጥያቄ ያጣድፋል፣ በማርና በበቅሎ ይወራረዳል። ዳኛ ከሌለ መንገደኛው "ቁም" ተብሎ ይዳኛል። መንገደኛ! ጉዳዩን የማያውቅ፣ አገሩ ሌላ የሆነ ሰው። እሱን ማሳመን ካልቻልክ ረታህ አይባልም። የቅኔ ቤቱም እንዲሁ ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዋድላ የተማረ ሰው ታገኙ ይሆናል፤ ጠይቁት። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ሲቆጥር ይውላል፣ ለመምህሩ ያሰማል፣ ይታረማል፣ ነገ እንደገና። ሐሳብ ማግኘት፣ ማዋቀር፣ ማስዋብ፣ በቃል መያዝ፣ ማቅረብ። ራሙስ የቆራረጣቸው አምስቱም እዚያ አንድ ላይ ናቸው።

እንግዲህ የምለምነው ትንሽ ነው። አዲስ ኮርስ ከከበደ ከሎጂኩ ሴሚስተር ግማሹን ለታናሽ እህቱ ስጡ። ልምምዱ በእንግሊዝኛ ብቻ አይሁን፤ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ተማሪው የሚከራከርበት ቋንቋ ይሁን። በየትምህርት ክፍሉ በሙያው ስመ ጥር የሆነ አንድ ጽሑፍ ተመርጦ "ይሄ ሰው እንዴት አሳመነን?" ተብሎ ይነበብ። አንድ ቀን የቅኔ መምህር ጋብዙ፤ ሌላ ቀን ሰፈር የሚያስታርቅ ሽማግሌ። ይህን ስል አፈ ጮሌ እናብዛ ማለቴ አይደለም። እነሱማ ሳይማሩም በዝተዋል። ሲያታልሉን የሚገባን ሰዎች እንድንሆን ነው።

አንዱን ደግሞ በነገው ዕለት መጀመር ይቻላል። ከዲፌንስ በፊት ተማሪው ያለ ስላይድ፣ በሁለት ደቂቃ፣ ሥራውን ለማያውቅ መንገደኛ ያስረዳ። መንገደኛ ከጠፋ እኔ አለሁ። ሱቄ ከበሩ ወጣ እንዳላችሁ በስተቀኝ ናት።

ያቺ ነርስ በሁለተኛው ሳምንት እርማቷን ጨርሳ ተመለሰች። ሙጫው እስኪደርቅ አስቀመጥኳትና "እስቲ እኔን አሳምኚኝ" አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ስለ አንዲት እናት ነገረችኝ፤ ለሦስተኛው ክትባት ሁለት ሰዓት በእግሯ ሄዳ ጤና ጣቢያው ተዘግቶ ስላገኘችው እናት። ማሽኑን አጠፋሁት፣ እንዳይረብሸን። ስትጨርስ በሽፋኑ ላይ ስሟን በወርቅ ፊደል አተምኩ፤ የአምስተኛውን ኮፒ ሒሳብ አልተቀበልኳትም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥረዛ ቤቱ ባለቤት